ከርከሮ፣ ጅብ እና የሀጂ ለውዝ፦ ኤረር ሸለቆ ዳር የታየ ጉዳይ

ማሳው ላይ መጀመሪያ ያሳዩኝ ጉድጓዱን ሳይሆን የጉልበት አሻራውን ነው። ከርከሮ ሲበላ የፊት እግሮቹን አጥፎ በጉልበቱ ነው የሚሄደው፣ እርጥብ አፈር ላይ ሁለት ክብ ክብ ነገር ጥሎ ያልፋል፣ ከፊቱ ደሞ አፍንጫው የቆፈረው ቦይ አለ። ያን ቀን ጠዋት አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ዘጠኝ ጥንድ ቆጠርኩ። ለውዙ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ተነቅሎ፣ ቅጠሉ ተገልብጦ፣ ስሩ ወደ ሰማይ ዞሮ ተኝቷል፣ ፍሬው ተበልቶ ገለባው ብቻ ነው የቀረው። የማሳው ባለቤት ሀጂ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው "አየህ ልጄ፣ እኛ ዘራን እነሱ ሰበሰቡ" አሉኝ።

ጊዜው እኔ ዲኤ (የግብርና ልማት ሰራተኛ) ሆኜ የምሰራበት ጊዜ ነው፣ ቦታው ደሞ ከሀረር ወደ ባቢሌ በሚወርደው መንገድ ኤረር ሸለቆ ዳር ያለ መንደር። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም እዛ ከተደረጉት ነገሮች አንዳንዱ በህግ የሚያስጠይቅ ነው፣ ሰዎቹም አሁን ድረስ እዛው አሉ። ሀጂንም በሀረር ልማድ አንተ እያልኩ ነበር የማወራቸው፣ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ አንቱ ብያቸዋለሁ።

መንደሩ ላይኛው በኩል ማሽላና ጫት ነው፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ለውዝ። የባቢሌን ለውዝ የማያውቅ የለም መቼስ፣ ለእነሱ ግን የልጅ ደብተር ነው፣ ዘይት ነው፣ የሰርግ ወጪ ነው፣ ማሽላው ለሆድ ለውዙ ለብር። ከርከሮ ለውዙ ውስጥ ገባ ማለት ብሩ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያኔ እኔም የነበረኝ መልስ የሁሉም ሰው መልስ ነበር፦ በዛ አይደል፣ ይታደናላ።

ነገሩ ግን የጀመረው በከርከሮ አልነበረም። ከዛ ሁለት አመት በፊት ነው የጀመረው፣ በፍየል። ባሏ የሞተባት የሀጂ ጎረቤት በረቷ ደካማ ነበር፣ አንድ ለሊት ጅብ ገብቶ ስድስት ፍየል ፈጀባት፣ የነበሯት ሰባት ነበሩ። ይሄን ስትሰሙ እባካችሁ ቀለል አድርጋችሁ አትስሙት፣ ከተማ ላለ ሰው ስድስት ፍየል ስድስት ፍየል ነው፣ ለሷ ግን ባንኳም ኢንሹራንሷም እሱ ብቻ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች ተናደው የሞተ አህያ ላይ የተባይ መድሃኒት አፍስሰው ገደሉ ዳር ጣሉት። በሳምንቱ ሰው ያያቸው አምስት ጅቦች ሞተው ተገኙ፣ ሶስት ውሻ፣ ከዛ ጥንብ አንሳዎቹ። ከዛ በኋላ ለሊቱ ጸጥ አለ፣ ሰው ደስ አለው፣ ሴትየዋም ተኛች። እኔም ስሰማ ምንም አላልኩም፣ ይሄ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብሎ የሁለቱን እንስሳት አወላለድ ማየት ያስፈልጋል፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ስለሆነ። ጅብ ቀስ ብሎ ነው የሚበዛው። እንስቷ ለመውለድ ሶስት አመት ገደማ ትፈልጋለች፣ እርግዝናዋ 110 ቀን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትወልዳለች፣ ከዛ አመት አልፎም ታጠባለች። ከርከሮ ሁለት አመት ሳይሞላት ትደርሳለች፣ ወደ 170 ቀን አርግዛ ሶስት አራት፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ ግልገል ይዛ ትወጣለች። በደህናው ጊዜ ከግልገሎቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያ አመታቸውን አይጨርሱም፣ አውሬ ይበላቸዋል፣ ንስር ይወስዳቸዋል፣ ብርድ ይገድላቸዋል። ነብር እዛ ሰፈር ብርቅ ከሆነ ቆይቷል፣ ጅቡ ነበር የቀረው፣ እሱን ደሞ በአንድ አህያ ጨረሱት። አምስት ጅብ ለመተካት አመታት ይፈጃል፣ አምስት ከርከሮ ለመተካት አንድ ክረምት ይበቃል።

በሁለተኛው አመት ከርከሮው መጣ። መጀመሪያ ጎህ ሲቀድ፣ ከዛ ረፋድ ላይ፣ ከዛ ሰው እያየው። ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ጻፍን፣ ምክንያቱም የዱር እንስሳ በገዛ ፈቃድ ተነስቶ መግደል አይቻልም፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፣ ሰብል የሚያጠፋ እንስሳ ሲኖርም በባለስልጣን በኩል ነው መሄድ ያለበት። መልስ ሳይመጣ ለውዙ ግማሹ አለቀ። ሰው መጠበቅ ሰለቸውና ሶስት ሚሊሻ በክላሽ፣ ውሻ፣ ቆርቆሮ የሚደበድቡ ልጆች፣ በቃ ዘመቻ ወጣ።

አራት ገደሉ። ሶስቱ ወንድ ናቸው፣ ጥርሳቸው ወደላይ የተጠመዘዘ ትላልቆች፣ አራተኛው ወጣት። ለምን ወንዶቹ? ብዙውን ጊዜ ለብቻው የሚዞረው ወንዱ ነው፣ ውሻ ሲከበው ደሞ ዞሮ ይገጥማል፣ ትልቅ ስለሆነም ኢላማ ላይ ይገባል። እናቲቱ ግን ግልገሎቿን አስከትላ ጭራዋን ቀስራ ወደ ጉድጓድ ነው የምትሮጠው። ጉድጓዱን የቆፈረው አዋልዲጌሳ የሚባለው ምስጥ በል እንስሳ ነው፣ እሷ ተከራይ ናት፣ ግልገሎቹን አስቀድማ ታስገባና እሷ ወደኋላ ሄዳ በቂጧ ትገባለች፣ ጥርሷን ወደ በሩ አድርጋ። እዛ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው የለም፣ ውሻውም አይገባም። ስለዚህ ዘመቻው ሲያልቅ የሚወልዱት በሙሉ በህይወት አሉ፣ የሞቱት ለመውለድ ብዙም የማይጎድሉት ናቸው። አንድ ወንድ ለብዙ እንስት ይበቃል እኮ።

ሰው ግን ደስ ብሎታል። ጭፈራ ሁሉ ነበር። ከዛ ጥያቄ መጣ፣ ይሄ ስጋ ምን ይሁን? ሙስሊሙ አይበላው ሀራም ነው፣ ክርስቲያኑም አይበላው። እንደ ድሮው ጎትተው ገደሉ ውስጥ ጣሉት፣ ድሮ እንደዛ ነበር የሚደረገው፣ ማታ ትጥላለህ ጠዋት ደም ያለበት ሳር ብቻ ታገኛለህ። አጥንት እንኳን አይቀርም ነበር፣ ጅብ አጥንት ፈጭቶ ነው የሚበላው፣ ኩሱ ኖራ መስሎ የሚነጣው ለዛ ነው።

በአራተኛው ቀን ስሄድ አራቱም እዛው ናቸው። ተነፍተው እግራቸው ወደላይ ቆሟል፣ ዝንቡ ከሩቅ ይሰማል፣ ሽታው ትምህርት ቤቱ ድረስ ይደርሳል፣ መምህራኑ መስኮት ዘግተው ነው የሚያስተምሩት። ገደሉ አፋፍ ላይ ሀጂና እኔ ቆመን ሳለ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ፣ ዘጠኝ አስር አመት ቢሆነው ነው፣ መጣና "ማን ይብላው? ጅብ እኮ የለም" አለን። ሀጂ መልስ አልሰጡትም። እኔም ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ነው ጉዳዩን በደንብ ማየት የጀመርኩት።

ሶስት ሳምንት ሳይሞላ ከርከሮው ተመለሰ፣ አሁን ግን በለሊት። ይሄ ነገር ዋናው ነው። ከርከሮ በባህሪው የቀን እንስሳ ነው፣ ሲመሽ ጉድጓዱ ገብቶ ይተኛል፣ ምክንያቱም ለሊቱ የጅብና የአንበሳ ነው። ሰው በቀን ሲያሳድደው ግን ወደ ለሊት ይሸሻል፣ የሚችል ከሆነ። እዛ መንደር ቻለ፣ ለምን፣ ለሊቱ ባለቤት አልነበረውማ። እኛ በጥይት ቀኑን ዘጋንበት፣ መርዙ ቀድሞ ለሊቱን ከፍቶለት ነበር። ሰው ቀን ሲጠብቀው የነበረውን ማሳ አሁን ለሊቱን ሙሉ ማማ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ፣ የሚቀመጡት ደሞ ልጆች ናቸው፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉት እነሱ ናቸው። አባት የሌላቸው የዛች ሴትዮ ልጆች ሁለቱም ማማ ላይ ነበሩ።

አዳኝ አውሬ ስራው መግደል ብቻ ይመስለን ነበር። ቁጥር መቀነሱ አንድ ነገር ነው፣ ግን ሳይገድልም ይሰራል፣ መኖሩ ብቻ ሌላውን እንስሳ የት እንደሚውል፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይወስንበታል። ዘመቻ አንድ ቀን ነው፣ ጅብ ግን በየቀኑ ነው። ፍርሀቱ በየቀኑ ካልታደሰ ደሞ ይረሳል።

ሌላ ሀገር የታየውንም ልጨምር ምክንያቱም ይሄ የኛ መንደር ጉድ ብቻ አይደለም። ሰሜን ሰረንጌቲ ታንዛኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በህገወጥ አደንና በመርዝ አንበሳና ጅቡ ሲመናመን ትናንሾቹ ሳር በሎች በዙ፣ ከነሱ ውስጥ አንዱ ከርከሮ ነው፣ ቀጭኔ ግን ምንም አልተቀየረም። አውሬዎቹ ሲመለሱ የበዙት ወረዱ። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ድንበር ወደ 150 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ከዛ በታች የሆነ እንስሳ በአብዛኛው የሚሞተው በአውሬ ነው፣ ከዛ በላይ እየሄደ ሲመጣ የሚወስነው ምግብ ይሆናል። ከርከሮ ከድንበሩ በታች ነው። ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ ባቢሌ የዝሆን መጠለያ ውስጥ ያሉት ዝሆኖች ደሞ ከላይ ናቸው፣ ትልቁን ዝሆን ማንም አውሬ አይነካውም፣ እሱን የሚወስነው ውሀና ግጦሽ ነው፣ ከዛ ደሞ የሰው ጥይት። መጠለያው በ1962 ዓ.ም. ሲከለል ወደ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፣ ዛሬ ውስጡ ስንት ሰው ሰፍሮ እንደሚያርስ ባቢሌ የደረሰ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ "አውሬ ካለ ሁሉም ይስተካከላል" የሚለውም ልክ አይደለም። እዛው ሰረንጌቲ ዋይልድቢስት የሚባለው ሳር በል መንጋ ከ250 ሺህ ገደማ ተነስቶ ከ1.3 ሚሊዮን ያለፈው አንበሳ ስለጠፋ አይደለም፣ የከብት ደስታ በሽታ በክትባት ስለጠፋ ነው። ያ በሽታ በኛ ሀገር ክፉ ቀን የተባለውን ረሀብ ያመጣው ራሱ ነው።

አደንስ? አደን አይሰራም ማለቴ አይደለም፣ ይሄን ግልጽ ላድርግ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው እንደዛ ተረድቶኛል። ይሰራል፣ ግን ማንን እንደምትገድል ነው ጥያቄው። አሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 እና 96 ተኩላ ከካናዳ አምጥተው ሲለቁ፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ተኩላውም ይበላዋል፣ ከፓርኩ ሲወጣ ሰውም ያድነዋል። የሞቱትን እንስቶች እድሜ ሲያዩ ተኩላ የገደላቸው በአማካይ 14 አመት ገደማ፣ ሰው የገደላቸው ግን 6 አመት ተኩል። ማለትም ተኩላው አሮጊቷንና ግልገሉን ይወስዳል፣ ጠመንጃው በመውለጃ እድሜ ላይ ያለችውን። አንድ እንስት በጥይት መግደል መንጋውን ለመቀነስ ከተኩላው ይበልጥ ይሰራል እንግዲህ፣ መቀነስ ከሆነ የተፈለገው። የኛ ዘመቻ ግን ይሄንንም አላደረገም፣ የገደለው ጥርሱ ትልቅ የሆነውን ነው። በህጋዊ መንገድ አርሲና ባሌ ተራራ ላይ በፈቃድ የሚደረገው የደጋ አጋዘን አደንም ቀንዱ የረዘመ ሽማግሌ ወንድ ላይ ነው የሚያተኩረው፣ የሱ አላማ ገቢ ነው፣ የመንጋ ቁጥር ማስተካከል አይደለም፣ ሁለቱን ማምታታት ጥሩ አይደለም። ጥርስ እየመረጠ የሚገድል አደን ሲበዛ ምን እንደሚሆን ሞዛምቢክ ጎሮንጎሳ ፓርክ ውስጥ ታይቷል፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ጥርስ የሌላቸው እንስት ዝሆኖች 18.5 በመቶ ነበሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ ግማሽ ያህሉ ሆኑ። መንጋው በቁጥር ማነሱ ብቻ ሳይሆን ሌላ መንጋ ሆነ።

አሁን ወደ ሀረር ልምጣ፣ እኔ ፈላና በር አካባቢ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ጅብ ማለት ለኛ በተረት የሚሰማ ነገር አይደለም፣ ለሊት ጠባቡ መንገድ ላይ ድንጋዩን ሲረግጥ የጥፍሩ ድምጽ ጠቅ ጠቅ ሲል አልጋህ ላይ ሆነህ ትሰማዋለህ። የጀጎል ግንብ ውስጥ ዋራባ ኑዱል የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጅብ የሚገባባቸው፣ አሹራ ሲደርስም ገንፎ በቅቤ ተሰርቶ ይወጣለታል፣ አበላሉ ታይቶ የአመቱ ነገር ይገመታል። ሀረሪው ዋራባ ይለዋል፣ ሶማሌው ዋራቤ፣ ኦሮሞው ዋራቤሳ፣ ስሙ እንኳን ለሶስታችን አንድ ነው። ታዲያ መንደሩ ሰው "ከተማ ያሉትን ጅቦች ለምን አትልኩልንም፣ በነጻ ስጋ እየበሉ" ይለኝ ነበር፣ ከልቡ ነው። አይሆንም። ጅብ በጎሳ ነው የሚኖረው፣ ወሰን አለው፣ ወሰኑን በጠረንና በጥርስ ይጠብቃል፣ የሌላ ጎሳ ወሰን ዘሎ አይሄድም። የጠፋበት ቦታ የሚሞላው ከጎረቤት እየተገነጠሉ በሚመጡ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ መርዝ ካልጠበቃቸው።

የከተማው ጅብ ጥቅሙ ሌላ ነው። መቀሌ ላይ የተሰራ ጥናት ከተማዋ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በአመት ወደ 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት ሬሳና ትርፍራፊ እንደሚያነሱ፣ በዛም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሰውና ከብት ላይ እንዳይደርስ እንደሚከላከሉ አሳይቷል። እነዛ አራት የተነፉ ከርከሮዎች ጋ ቆሜ ይሄን ቁጥር ባውቀው ኖሮ ለመምህራኑ እነግራቸው ነበር።

ከዛ ምን ተደረገ ለሚለው። ሀጂ ናቸው ነገሩን ወደ አፎቻ፣ ማለትም ወደ ሰፈሩ እድር፣ የወሰዱት፣ እኔ አይደለሁም። አፎቻ ለሞትና ለሰርግ እንጂ ለጅብ ተሰብስቦ አያውቅም፣ መጀመሪያ ሰው ተቃወመ፣ በጣም የተቃወመችው ደሞ ስድስት ፍየል ያጣችው ሴት ናት፣ "የጅቡን ጥቅም ሁላችሁም ልትበሉ፣ እዳውን እኔ ብቻዬን?" አለች። ትክክል ናት። አውሬን ስለመጠበቅ ሲወራ ሁሌ የሚዘለለው እሷ ያነሳችው ነገር ነው፣ ጥቅሙ በሰፈሩ ሁሉ ተበትኖ ማንም አያየውም፣ ኪሳራው ግን አንድ ቤት በር ላይ ነው የሚወድቀው። እሷ ካልተካሰች መርዙ ነገም ይመለሳል፣ እኔም ብሆን መርዙን አፈስሰው ነበር።

ተስማሙ። መርዝ ክልክል፣ የተገኘበት ይቀጣል። በረት ሁሉ በሰው ቁመት በእሾህ ይታጠራል፣ በሩ ማታ በገመድ ይታሰራል። በተዘጋ በረት ጅብ ገብቶ ከበላ አፎቻው ከየቤቱ አዋጥቶ ፍየል ይተካል፣ በሩ ክፍት ከነበረ ግን አይተካም። ለውዙን ደሞ ወደ ቤት አስጠጉት፣ በውጪ በኩል ቁልቋል ተከሉ።

ከአመት ከምናምን በኋላ አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ፣ ሀጂ ናቸው፣ ሰላምታ የለ ምን የለ "ስማ! ስማ!" ብለው ስልኩን ወደ ውጪ አወጡት። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ከሩቅ ያ ወደላይ የሚወጣው ጥሪ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። "መጡ" አሉኝ። አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም።

ከዛ በኋላ ከርከሮው አልጠፋም፣ ይጠፋልም ብሎ ያሰበ የለም። የለሊት ወረራው ግን ቀነሰ፣ ወደ ጎህ ተመለሰ፣ ጎህ ላይ ደሞ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ውሻ ይበቃሉ፣ ልጆቹ ማታ ቤታቸው መተኛት ጀመሩ። ሁሉንም ለጅቡ አልሰጥም፣ ለውዙ ወደ ቤት መጠጋቱ አለ፣ ቁልቋሉ አለ፣ ያ አመት ዝናቡም ቀጭን ስለነበር ግልገሎቹም ብዙ አልተረፉም። ግን አራቱም ነገር አንድ ላይ ነው የመጣው፣ ከአራቱ ደሞ በየለሊቱ ያለ ደሞዝ የሚወጣው አንዱ ብቻ ነው።

አፎቻው እስካሁን ሁለት ፍየል ተክቷል። ሶስተኛዋ ግን ክርክር አስነስታለች። ባለፈው ስሄድ ተሰብስበው ደረስኩ፣ የተበላችው የዛችው የሴትዮዋ ፍየል ናት፣ ጎረቤት ደሞ በሩ ክፍት ነበር ብሏል። እሷ ምንም ሳትናገር የበረቱን ገመድ አምጥታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ጫፉ ተፍተልትሏል፣ የተፈታ ሳይሆን የተነከሰ ይመስላል። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዛ ለጎናቸው ላለው ሽማግሌ ሰጡት፣ እሱም ለሚቀጥለው። እኔ ወደ ሀረር ታክሲ እንዳያመልጠኝ ስነሳ ገመዱ ገና ግማሽ ክቡን አልዞረም ነበር።